አንድ ኬሚካል፣ ሁለት ምላሽ

በዓይናችን ውስጥ በስተጀርባ የተነጠፈችው ሬቲና ውፍረቷ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሥራዋ ግን እጅ በአፍ ያስጭናል። ብርሃን ተቀባይ ሴሎቿ ግሉታሜት የተባለውን መልእክተኛ ኬሚካል በብዛት የሚለቁት በጨለማ ነው። ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚለቁትን መጠን ይቀንሳሉ። ታዲያ የብርሃን መምጣት እንዴት ይታወቃል?

ብልሃቱ ያለው መልእክቱን በሚረከቡት ባይፖላር ሴሎች ላይ ነው። ከፊሎቹ የያዙት ተቀባይ ግሉታሜት ሲደርሰው የሴሉን በር ይከፍታል፤ ስለዚህ እነዚህ ሴሎች የሚነቁት ብርሃን ሲጠፋ ነው። ሌሎቹ ኤምግሉአር6 የሚባለውን ተቀባይ ይዘዋል። እሱ ደግሞ በተቃራኒው ግሉታሜት ሲይዝ በሩን ያዘጋል፤ ግሉታሜት ሲቀንስ በሩ ይከፈትና ሴሉ ለብርሃን ይነቃል። አንዱ ኬሚካል፣ በተቀባዮቹ ልዩነት ብቻ፣ ጨለማንም ብርሃንንም ያበሥራል። በነጭ ወረቀት ላይ የሰፈረን ጥቁር ፊደል አጥርተን ለማየት ሁለቱም መንገዶች ያግዙናል።

የኤምግሉአር6 ውለታ ጎልቶ የሚታየው ሲጎድል ነው። ተቀባዩን የሚሠራው ዘረመል ከሁለቱም ወላጆች ተበላሽቶ ከተወረሰ፣ ልጁ ከውልደቱ ጀምሮ በደብዛዛ ብርሃን ማየት ይቸግረዋል። በጨረቃ ብርሃን መንገዳችንን ለይተን የምንሄደው በዚህ ደቃቅ ተቀባይ ምክንያት ነውና አድናቆት ይገባዋል።