የፍሬሽዋተር ገደልና የዓለማየሁ ፊት

በእንግሊዝ አገር፣ በዋይት ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ፣ ፍሬሽዋተር የምትባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ ቀበሌ አለች። እንደ ጠመኔ የነጣ ገደሏ ባሕሩን ቁልቁል ያያል። ያር የተባለው ወንዟ ከደቡብ ዳርቻዋ አጠገብ ፈልቆ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ፣ ለብቻዋ ደሴት ልትሆን ጥቂት ነው የቀራት። ባለቅኔው ቴኒሰን በ1853 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) መጥቶ ኖረባት። ይመላለስበት የነበረው ተረተር ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በ1897 የቆመለት የድንጋይ መስቀልም አናቱ ላይ አለ።

ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1860 ጎረቤቱ ሆነች። ኋላም የዶሮ ቤቷን የፎቶግራፍ ማንሻ አደረገችው። የቤት ሠራተኛዋን እመቤታችንን አስመስላ ታነሳት ነበር። የዘመኑ ሐያስያን ፎቶግራፎቿ ደብዘዝ ይላሉ ብለው ነቅፈዋታል።

እኛን የሚመለከተው በ1868 ክረምት የሠራችው ነው። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰውተዋል፤ እቴጌ ጥሩወርቅም በግንቦት ወደ ባሕር በሚወስደው ጉዞ ላይ አርፈዋል። የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ካሜሮን ፊት ቀረበ።

ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሶ ከልጁ ጋር የተነሳበት ፎቶግራፍ ለእኔ ቲያትር ነው። እንግሊዛዊው ባለ አገር መስሎ ሲታይ፣ የአገሩ ልጅ የመድረክ ዕቃ ሆኗል። ሠራተኛዪቱ ማርያምን መስላ ከተነሳች በኋላ ወደ ራሷ ኑሮ ትመለሳለች፤ ዓለማየሁ ግን የሚመለስበት ቤት አልነበረውም። ልዩነቱን ካሜሮን ያየችው አይመስለኝም።

ብቻውን የተነሳው ግን ሌላ ነው። ከጀርባው ገደልም ባሕርም የለም፤ ያለው ፊቱ ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ካሜራ ተነሺውን ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ እንዲቆይ ያስገድደው ነበር። ለአንድ አፍታ ብልጭ የሚል ፈገግታ በዚያ መሣሪያ አይያዝም፤ ሐዘን ግን ይያዛል። በበኩሌ የካሜሮን ጥበብ ከሐሳቧ በልጦ የተገኘው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ልታሳየን የፈለገችው የንጉሥ ልጅ ነበር፤ ያሳየችን ግን እናት የሞተችበትን ሕፃን ነው።

ዓለማየሁ በ1879 በሊድስ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2023 አልቀበልም ብሏል። ፍሬሽዋተር በባለቅኔዋና በፎቶግራፍ አንሺዋ ብትኮራ ይገባታል። ነገር ግን ይህን ፊት ከቅርሶቿ ተርታ ስትቆጥረው፣ ልጁ በፈቃዱ የመጣ እንግዳ እንዳልነበረ አብራ ትናገር።