ስለ እሳት ራት መጥቈር የሚነገረው ታሪክ ሲመረመር

ተፈጥሮአዊ ምርጫ የሚባለውን ነገር ለጀማሪ የሚያስረዱ የትምህርት መጻሕፍት ዘወትር ለምስክርነት የሚጠሩት በእንግሊዝ አገር የምትገኘውን ዝንጕርጕር የእሳት ራት ነው፤ ሊቃውንቱ ቢስተን ቤቱላሪያ ይሏታል። እኛም በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ያወቅናት በሁለት ፎቶግራፎች ነበር፤ በአንደኛው በጠቈረ ግንድ ላይ ነጭዪቱ ጎልታ ትታያለች፥ በሁለተኛው በነጣ ግንድ ላይ ጥቍሪቱ ታስታውቃለች። በፈተናም ጊዜ «የእሳት ራቷ ከወፎች ለመደበቅ ስትል ጠቈረች» ብለን ጽፈን ሙሉ ማርክ አገኘን። መልሱ ግን ስሕተት ነበር። ስሕተቱ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት፥ ደግሞም ስለዚሁ ታሪክ በኋላ የተነሣውን ክርክር ለመመዘን ይህን ጽፈናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የማንችስተር ከተማ ፋብሪካዎች ድንጋይ ከሰል እያነደዱ አካባቢውን በጥቀርሻ ሲሸፍኑት፥ በግንድ ላይ የሚበቅለው የዛፍ ሽበት ሞተ፥ ቅርፊቱም ጠቈረ። ጥቍር የእሳት ራት በዚያ ከተማ መገኘቷ የተመዘገበው በ1848 ዓ.ም. ሲሆን፥ በ1895 ዓ.ም. ከመቶው 98 ያህሉ ጥቍሮች ሆነዋል። ታዲያ የጠቈረው ማን ነው? አንዲት የእሳት ራት ክንፍ ካወጣች በኋላ ቀለሟን አትለውጥም፤ ነጭ ሆና የወጣችው ነጭ እንደ ሆነች ትሞታለች። የተለወጠው ፖፑሌሽን የሚባለው፥ ይኸውም በአንድ አካባቢ እርስ በርሱ የሚራባው ጠቅላላ ስብስብ ነው፤ በውስጡ የጥቍሮቹ ድርሻ እየበዛ የነጮቹ እያነሰ ሄደ። በአማርኛ «ለመደበቅ» ስንል ግን ያቺ ትንሽ «ለ» ፈቃድና ዐቅድ የሌላትን ፍጥረት ባለ ዐቅድ ታደርጋታለች። ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮ ስለሚያምር መምህሩም ተማሪውም ሳይመረምሩት ያልፉታል።

በ2016 ዓ.ም. የታተመ ምርምር የጥቍረቱ ምንጭ ኮርቴክስ በሚባለው ጂን ውስጥ የገባ፥ ወደ 22000 የሚጠጉ ፊደላት ያሉት፥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘል የዲ.ኤን.ኤ. ቍራጭ መሆኑን ገልጧል፤ የገባበትንም ጊዜ በስሌት ወደ 1819 ዓ.ም. ገምቶታል። ቍራጩ የገባው ራቷ ስለ ፈለገችው አይደለም። ጥቀርሻ ባልደረሰበት ደን ቢሆን ኖሮ ተሸካሚዋን ለወፍ አሳልፎ በሰጣት ነበር።

መጻሕፍቱ ቍጥር መሸሻቸውም ያሳዝናል። የጥቍረቱ ጂን ገኖ የሚታይ፥ የንጣቱ ግን ተደብቆ የሚቆይ ስለ ሆነ፥ ነጭ የምትሆነው የንጣቱን ጂን ከአባትም ከእናትም የወረሰች ብቻ ናት። ሃርዲና ቫይንበርግ በ1908 ዓ.ም. ለየብቻቸው ባሳዩት ሕግ ብናሰላ፥ ነጮቹ ከመቶ 2 ከሆኑ የንጣቱ ጂን ድርሻ የ0.02 ካሬ ሥር፥ ማለት 0.14 ይሆናል፤ ጂኑን በስውር የተሸከሙት ጥቍሮችም 2 ጊዜ 0.14 ጊዜ 0.86፥ ማለት ከመቶ 24 ያህል ናቸው። (ሕጉ ምርጫ የሌለበትን ፖፑሌሽን ስለሚመለከት ይህ ግምት ብቻ ነው።) እንግዲህ ነጭዪቱ ጠፋች በተባለበት ዘመን በጥቍሮቹ ውስጥ ተሸሽጋ ነበር። በእንግሊዝ አገር የንጹሕ አየር ሕግ በ1956 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነጮቹ ተመልሰው ለመብዛት አዲስ የዘር ለውጥ ያላስፈለጋቸው ስለዚህ ነው፤ በሊቨርፑል አጠገብ በ1959 ዓ.ም. ከመቶ ከ90 በላይ የነበሩት ጥቍሮች በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ20 በታች ወርደዋል። ሆልዴን ደግሞ በ1924 ዓ.ም. ጥቍሮቹ በዚያ ፍጥነት እንዲበዙ ከነጮቹ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ልጅ ማትረፍ እንደሚገባቸው አስልቶ ነበር፤ ያውም አንድ ወፍ እንኳ ሳይቈጠር፥ በእርሳስና በወረቀት!

ወደ ደኑ ገብቶ የፈተነው በርናርድ ኬትልዌል ነው። በ1953 ዓ.ም. በበርሚንግሃም አጠገብ በጠቈረ ደን ምልክት አድርጎ ከለቀቃቸው 447 ጥቍሮች 123ቱን፥ ከ137 ነጮች ግን 18ቱን ብቻ መልሶ ያዘ። በ1955 ዓ.ም. ጥቀርሻ ባልነካው የዶርሴት ደን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከ496 ነጮች 62፥ ከ473 ጥቍሮች 30 ተገኙ። ወፎቹ ራቶቹን ሲለቅሙም ኒኮ ቲንበርገን በፊልም አነሣቸው። ውጤቱ ግሩም ነው፥ አሠራሩ ግን ነቀፋ አለበት። የእሳት ራት ማረፊያዋን የምትመርጠው ሊነጋጋ ሲል ሆኖ ሳለ፥ እርሱ በቀን አውጥቶ በግንድ ላይ አስቀመጣቸው። ብዛታቸውም በተፈጥሮ ከሚገኘው እጅግ የበለጠ ነበር፤ ይህ ወፎቹን ለድግስ እንደ መጥራት ነው። በመጻሕፍት ከምናያቸው ፎቶግራፎችም አንዳንዶቹ የሞቱ ራቶች በግንድ ላይ ተደርገው የተነሡ ናቸው።

ማይክል ማጀረስ እነዚህን ጉድለቶች በ1998 ዓ.ም. በመጽሐፉ ሲዘረዝር፥ መጽሐፉን የተቸው ጄሪ ኮይን ምሳሌው ለጊዜው በሚገባ እንደ ተረዳነው መቈጠሩ ይቅር አለ። በ2002 ዓ.ም. ጁዲት ሁፐር የተባለች ጸሐፊ ስለዚሁ ባሳተመችው መጽሐፍ ከዚህ አልፋ ኬትልዌል ቍጥሮቹን ሳይፈጥር አልቀረም የሚል ጥርጣሬ አስነሣች። በእኛ አስተያየት የሁፐር ትረካ ጥሩ ልብ ወለድ እንጂ ጥሩ ክስ አይደለም። ዋነኛ ማስረጃዋ መልሰው የተያዙት ራቶች ድንገት መብዛታቸው ነው፤ ብዙ በተለቀቀ ጊዜ ግን ብዙ መያዙ አያስደንቅም። ክፉ አሠራርና ሐሰት አንድ አይደሉም። ይሁን እንጂ ክሱን ሰምተው «ምንም ጉድለት የለም» ያሉትንም አንደግፍም፤ ጉድለቱ ነበረ፥ መልሱም ሌላ ሙከራ ማድረግ እንጂ መሟገት አልነበረም።

ያን ሙከራ ያደረገው ራሱ ነቃፊው ማጀረስ ነው። በካምብሪጅ ከ2001 እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ፥ ማረፊያቸውን በሌሊት ራሳቸው እንዲመርጡ እያደረገ፥ በተፈጥሮ ከሚገኘው ብዛት ሳያልፍ 4864 ራቶችን ለቀቀ። በ2009 ዓ.ም. ስለ ሞተ ውጤቱን ሌሎች ሊቃውንት በ2012 ዓ.ም. አሳተሙለት። አየሩ በጠራበት በዚያ ስፍራ ጥቍሮቹ በየቀኑ በሕይወት የመትረፋቸው ዕድል ከነጮቹ ወደ 9 በመቶ አንሶ ተገኘ። ለአንድ ቀን ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በየቀኑ ሲደጋገም ግን ለሆልዴን ስሌት የሚበቃ ነው። በተፈጥሮ ዐርፈው ካገኛቸው ራቶችም በግንድ ላይ የነበሩት ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል ሲሆኑ፥ ከግማሽ የሚበልጡት በቅርንጫፍ ላይ ነበሩ።

የዛፉ ሽበት ነገር ግን እስካሁን ያስቸግራል። በብዙ ስፍራ ጥቍሮቹ መቀነስ የጀመሩት ሽበቱ ተመልሶ ሳይበቅል ነው፤ በመጻሕፍቱ ሥዕል ላይ ግን ነጭዪቱ ዛሬም በሽበት መካከል ዐርፋ ትታያለች።