ካሜራው 143 ጊዜ ጠርቶኝ ነበር

ባለፈው ክረምት እናቴ ግቢ፣ ከውጭ በሩ በላይ፣ አንድ የኔትወርክ ካሜራ ሰቀልኩ። ከራውተር ጋር ተገናኝቶ ምስል የሚልክ፣ ከዚያም አልፎ ራሱ «የሚወስን» ዓይነት ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ አንድ ደንብ አወጣሁለት፦ እንቅስቃሴ ካየህ ስልኬ ላይ መልእክት ላክ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። እናቴንም «ከእንግዲህ ሳትሰጊ ተኚ» አልኳት።

የመጀመሪያው ሌሊት ስልኬ ሲጮህ አደረ። ዝናብ፣ ድመት፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው የኮባ ቅጠል፣ ደግሞ ዝናብ። በአራተኛው ቀን ድምፁን ዘጋሁት። በሦስተኛው ሳምንት የውሃ ፓምፑ በሌሊት ተነቅሎ ተወሰደ። ጠዋት ስልኬን ስከፍት ከካሜራው የመጡ 143 መልእክቶች ተደርድረዋል። አንዷ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ የገባችው፣ አጥር የሚዘል ሰው ታሳያለች። እንግዲህ ካሜራው የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል ማለት ነው!

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ትችት ነው። የምተቸው ግን አንድን የካሜራ ሞዴል አይደለም። እንዲህ ያሉ ካሜራዎች ውስጥ በተለያየ ስም የምታገኙትን የደንብ ማውጫ ገጽ ነው።

ገጹን ከፍታችሁ የምታውቁ ከሆነ አሠራሩን ታስታውሱታላችሁ። መጀመሪያ «ምን ሲሆን?» ይላችኋል። ይህ ቀስቃሹ ነው፦ እንቅስቃሴ፣ ድምፅ፣ ከካሜራው ጋር በገመድ የተገናኘ የበር ሴንሰር፣ ወይም አንድ ሰው ሌንሱን በጨርቅ ሲሸፍነው። ቀጥሎ ቅድመ ሁኔታው ይመጣል፤ በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት። መጨረሻ ላይ ምላሹ፦ ቅረጽ፣ ኢሜይል ላክ፣ መብራት አብራ፣ ሲረን አስጩህ። ሐሳቡ በጣም ቆንጆ ነው። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሰው «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» እያለ ማሽን ያዛል። ሎጂክ ለማስተማር የተሠራ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር።

ነገሩ ምን ያህል እንደተለወጠ ለማየት ወደ 1991 እ.ኤ.አ. መለስ እንበል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች አንድ የቡና ማፍያ ፊት ካሜራ አቆሙ፤ ድረስ ሄደው ባዶ ሆኖ ማግኘት ሰልችቷቸው ነበር። ምስሉን በውስጥ ኔትወርካቸው ያዩት ነበር፤ በ1993 ደግሞ ወደ ዌብ ወጣ። እዚያ ጠያቂው ሰው ነው፤ ቡና ያማረው ያያል፣ ያላማረው ይተወዋል። በደንብ በሚሠራ ካሜራ ግን አቅጣጫው ተገልብጧል። ጠሪው ካሜራው ነው፤ ተጠሪዎቹ እኛ ነን። ታዲያ «መቼ ይጥራ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል?

እስቲ ካሜራው «እንቅስቃሴ» የሚለው ምን እንደሆነ እንይ። በቀላሉ ዘዴ፣ ካሜራው አሁን ያለውን ምስል ከአፍታ በፊት ከነበረው ጋር ፒክስል በፒክስል ያነጻጽራል። በቂ ቁጥር ያላቸው ፒክስሎች በበቂ መጠን ብርሃናቸው ከተለወጠ፣ በቃ፣ «እንቅስቃሴ አለ» ይላል። ሌባ የሚባል ነገር አያውቅም። ደመና ፀሐይን ሲጋርድም፣ የመኪና መብራት ግድግዳ ላይ ሲያልፍም ፒክስል ይለወጣል።

ማታ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብዙ ካሜራዎች ጨለማ ውስጥ የሚያዩት ሌንሱ አጠገብ ባሉ የኢንፍራሬድ አምፖሎች ነው። 1 ሳንቲ ሜትር የምታክል የእሳት ራት ከሌንሱ 20 ሳንቲ ሜትር ርቃ ብትበር፣ ምስሉ ላይ የምትይዘው ቁመት 34 ሜትር ርቆ ከቆመ፣ 1.7 ሜትር ቁመት ካለው ሰው ጋር እኩል ነው። አካፍላችሁ አረጋግጡ፤ ሁለቱም 0.05 ይመጣሉ። በዚያ ላይ ለአምፖሉ ቅርብ ስለሆነች ቦግ ብላ ትታያለች። ሸረሪትም ሌንሱ ላይ ድሯን ካደራች ሌሊቱን ሙሉ ትወዛወዛለች። የእኔ 143 መልእክቶች ከየት እንደመጡ ገባችሁ አይደል?

«አዲሶቹ ካሜራዎች እኮ ሰውን ከድመት ይለያሉ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በብዙ ምስሎች የሠለጠኑ ሞዴሎች የሐሰት ማንቂያን በእጅጉ ቀንሰዋል። ግን አንድ ቀላል ስሌት አብረን እንሥራ። በቀን 500 ነገሮች በካሜራው ፊት ይንቀሳቀሳሉ እንበል። ካሜራው የሚሳሳተው ከመቶ 2ቱን ብቻ ነው፤ ጎበዝ ነው። ይህ በቀን 10፣ በዓመት 3,650 የሐሰት ጥሪ ነው። ሌባ በዓመት አንዴ ቢመጣና ካሜራው ፈጽሞ ባይስተው፣ ስልካችሁ ሲጮህ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ ከ3,651 አንድ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የራሳችሁን አስገቡና ሞክሩ። የምትፈልጉት ነገር ብርቅ ከሆነ፣ ትንሽ ስሕተት እንኳ እውነቱን ትውጠዋለች። «ተኩላ መጣ» እያለ ሰፈሩን ያታከተውን እረኛ ታስታውሱታላችሁ። እሱ ዋሽቶ ነው። ካሜራው ግን አንዴም ሳይዋሽ ያንኑ ውጤት ያመጣል።

ዋናው ትችቴ እዚህ ላይ ነው። ገጹ ስለ ካሜራው ሁሉን ይጠይቃል፤ የስሜት መጠኑን፣ የሚጠብቀውን ክልል፣ ሰዓቱን። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይህን መልእክት ማን ያነባል? ከዚያስ ተነስቶ ምን ማድረግ ይችላል?» ብሎ ግን አይጠይቅም። እኔ የምኖረው ከእናቴ ቤት ከተማውን ተሻግሬ ነው። ባነበውስ ኖሮ? ደንቡ ውስጥ ትልቁ ክፍል ሰውየው ሆኖ ሳለ ገጹ ላይ እሱ የኢሜይል አድራሻ ወይም ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ሁለት ቅንብሮች ግን ከሚገባቸው በታች ተደብቀው አገኘኋቸው። አንዱ በሁለት ምላሾች መካከል የሚኖረው ፋታ ነው። 5 ደቂቃ ካላችሁት አንድ ድመት 20 ጊዜ አትቀሰቅሳችሁም፤ አንድ ሰዓት ካላችሁት ግን ከድመቷ በኋላ የሚመጣውን ሰው ታሳልፉታላችሁ። ሌላው ከክስተቱ በፊት ያለውን የመቅረጽ ቅንብር ነው። ካሜራው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ዘወትር እየደመሰሰ እየጻፈ ሚሞሪው ውስጥ ይይዛል፤ ቀስቃሹ ሲመጣ እነዚያን ከፊት ይቀጥላቸዋል። ይህ ከሌለ የምታገኙት የሌባውን ጀርባ ነው።

ገጹ ጭራሽ የማያስበው ነገር ዝምታን ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ካሜራውም አብረው ይጠፋሉ። «ከጠፋሁ ንገር» የሚል ደንብ ካሜራው ውስጥ መጻፍ አይቻልም፤ የሞተ ነገር መልእክት አይልክማ! መፍትሔው ነገሩን መገልበጥ ነው፦ ካሜራው በየሰዓቱ «ደህና ነኝ» ይበል፤ ሌላ ቦታ ያለ ኮምፒውተር ደግሞ ያ ቃል ሲቀርበት ይጩህ። አለበለዚያ ጸጥ ያለ ሌሊትና የሞተ ካሜራ ስልካችሁ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው።

ስለ ፓስወርድም አንድ ነገር ልበል፤ ኢሜይል ላክ ስትሉት የኢሜይል ፓስወርዳችሁን ለካሜራው ትሰጡታላችሁ። በ2016 ሚራይ የተባለ ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጡበት ፓስወርድ ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች እየሰበሰበ ጥቅምት 21 (እ.ኤ.አ.) ዳይን የተባለውን ድርጅት አጥቅቶ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለብዙ ሰው አስቋርጧል። የካሜራውን ፓስወርድ ቀይሩ፤ ለኢሜይሉም የራሱን አካውንት ክፈቱለት።

እናቴ ግቢ ያለውን ደንብ እንደ አዲስ ጻፍኩት። እንቅስቃሴ ሁሉ ካርዱ ላይ ይቀረጻል፤ ለማንም ግን አይላክም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ሰው የሚመስል ነገር ከአጥሩ ወደ ውስጥ የሳልኩትን መስመር ከተሻገረ ግን የበረንዳው መብራት ይበራል፤ መልእክቱም ለእኔ ብቻ ሳይሆን እዚያው ለሚያድሩት ለጎረቤታችን ዘበኛ ይደርሳል። እሳቸውን አስቀድሜ ጠይቄያቸው ነበር። «በሌሊት ስንቴ ትቀሰቅሰኛለህ?» አሉኝ። ገጹ ሊጠይቀኝ ይገባ የነበረው ይህንኑ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተጠርተዋል። አንደኛው ድመት ነበር። ሁለተኛው እናቴ ናት፤ መብራቱ ለምን በራሱ እንደበራ ልታይ ወጥታ።