የኮርቻው አቅጣጫ

የባሌ ሰው ፈረስ ሲያይ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ኮርቻው ላይ ነው። እኔም ያደግሁት በሮቤና በጎባ መካከል ስለሆነ ይህ አመል አለቀቀኝም፤ ተንጠልጣይ ድልድይ ሳይ እንኳ ኮርቻ እፈልጋለሁ። ቀልዴን አይደለም፤ ድልድዩም ኮርቻ አለው።

በዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ እናንሳ። ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረው ይህ የድንጋይ ሥራ የዐፄ ፋሲል ዘመን ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ መንገደኛው በገመድ እየታሰረ፣ ከማዶ በሚጎትቱት ሰዎች ክንድ ተማምኖ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 የተሠራው አዲስ መሻገሪያ ግን ከውሃው ከፍ ብሎ በብረት ገመድ ተንጠለጠለ።

የድንጋይ ቅስት ሲጫኑት ይጠብቃል፤ ገመድ የሚሠራው ሲጎተት ነው። ስለዚህ የተሻጋሪው፣ የአህያውና የጭነቱ ክብደት ሁሉ የሚያርፈው ዳርና ዳር አፈር ውስጥ በተቀበረው የድንጋይና የሲሚንቶ ክምር ላይ ነው። መሃሉ ረገብ ማለቱን እንደ ጉድለት የሚቆጥር አይጠፋም። ገመዱን ቀጥ ካላልክ ብሎ መወጠር ግን ጉተታውን እጅግ ያበዛዋል፤ ባለሙያው ርግበቱን ለክቶ ነው የሚተወው።

ወደ ኮርቻው ልመለስ። ገመዱ ዳር ያለውን መያዣ ዞሮ ሲመለስ ጭራው ከራሱ ጋር በመቆንጠጫዎች ይታሰራል። መቆንጠጫው ሁለት አካል አለው፦ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ ብሎንና ቦይ ያለው ብረት። ይህ ቦይ ያለው ብረት ነው ኮርቻው። የሚጫነውም ሸክም በሚጎትተው ገመድ ላይ ነው፤ ብሎኑ ጭራውን ያቅፋል። ከተገለበጠ ብሎኑ ሸክም የሚጎትተውን ገመድ ይነክሰዋል፣ ክሮቹን ያደቃቸዋል። ከሩቅ ለሚያይ ልዩነቱ አይታይም። ሁሉም ኮርቻዎች በአንድ ወገን ሲሰለፉ ግን ከድልድዩ ሁሉ የምወደው ያን ሰልፍ ነው። ጭነት ሲያርፍበት ገመዱ ይቀጥናል፣ የብሎኑ ዳዶ ይላላል፤ ስለዚህ ጥሩ ሠራተኛ ቺያቬውን ይዞ ለማጥበቅ ይመለሳል።

እናንተም እንዲህ ካለ ድልድይ ስትደርሱ፣ ከመርገጣችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ኮርቻዎቹን እዩ። አንዱ እንኳ ዞሮ ካገኛችሁት ለቀበሌው ንገሩ።