«ዘ ሰርክል» ያልነካው ጉዳይ

ዴቭ ኤገርስ በ2013 ባሳተመው «ዘ ሰርክል» ልብ ወለድ፣ ሰዎች ገመናቸውን ለአንድ ግዙፍ ኩባንያ ወደው ያስረክባሉ። እኛ ዘንድ ታሪኩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ እስከ 2022 ድረስ ከመንግሥቱ ኢትዮ ቴሌኮም በቀር የስልክ ድርጅት አልነበረም፤ ደንበኛው ቢከፋው የት ይሄዳል? በ2017 ደግሞ የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ፣ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ ከኢትዮጵያ በውጭ አገር ለሚኖሩ ተቃዋሚዎች መላኩን አጋለጠ። ሠሪው እዚህ፣ አድማጩ እዚያ! ይህን የኩባንያና የመንግሥት ሽርክና ኤገርስ ብዙም አልነካውም፤ የመጽሐፉ ድክመትም ይኸው ነው። ከገጸ ባሕርያቱ፣ አሽቀሎን ተቀምጦ ጎንደር ለሚደውል አንባቢ የሚቀርበው መርሰር ነው፤ ካሜራ ሸሽቶ ርቆ ቢሄድም ድሮኖች ተከትለው የሚያገኙት ሰው።