ጠላ በጊዜው ሲጠነሰስ

ለበዓል ጠላ መጥመቅ የጀመረች ሴት አስቀድማ የምትጠይቀው ጠላው እንዴት ቶሎ እንደሚደርስ ነው፤ ጥያቄው የሚነሣው ግን የመጠበቂያውን ቀን እንደ ባከነ ጊዜ ከመቁጠር ሲሆን፣ በሙያው ውስጥ ከዚህ የበለጠ ስሕተት የለም።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በውርጌሳና በዙሪያዋ ባሉት የሐብሩ ቀበሌዎች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ የማሽላ አጨዳና ውቂያ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያትም እስከ ገና ዋዜማ ስለሚዘልቅ፣ እመቤቲቱ ለጅጌው፣ ማለትም ተጠራርቶ በጋራ ለሚያጭደው የሰፈር ሰው፣ ምሳ እያደረሰች፣ በርበሬ እያስፈጨችና ቅቤ እያነጠረች የበዓሉን ጠላ ታሰናዳለች።

በዚህ ሁሉ መካከል ጥንስሱ የሚጣልበት ቀን የገብርኤል ማግስት፣ ታኅሣሥ 20 ሊሆን ይገባል፤ ገና ታኅሣሥ 28 በሚውልበት በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ አንድ ቀን መቅደም አለበት። ጥንስስ ማለት የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና ብቅል በውሃ ተበጥብጦ በወይራ በታጠነ ጋን የሚቀመጥበት የመጀመሪያ ደረጃ ነው። እንኩሮ፣ ማለትም በጥቂት ውሃ ታሽቶ በምጣድ ላይ የታመሰው ዱቄት፣ ሲጨመርበት ድፍድፍ ይባላል። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው፣ ጌሾውም ምሬቱን የሚለቀው ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ጥድፊያ እዚህ ላይ ቦታ የለውም። ጠማቂዋ የጋኑን ሆድ በመዳፏ ዳስሳ ሙቀቱን ትለያለች፤ ጆሮዋን አስጠግታም ሲፍለቀለቅ ታዳምጣለች እንጂ የጋኑን አፍ የዘጋውን ምርጊት አትነካካም።

ስኳርና የታሸገ እርሾ ጨምሮ በሁለት ቀን የማድረሱ አቋራጭ የሚያሰክር እንጂ የሚጣፍጥ ጠላ አይሰጥም። ከዚህም የሚከፋው፣ ሥራውን ሁሉ ዶሮ በሚገነጠልበትና ሽንኩርት በሚቁላላበት ዋዜማ ላይ መከመሩና ጋኑ በራሱ የሚሠራባቸውን ቀኖች ከጠማቂዋ መውሰዱ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሙያው ከእናት ጋር የተቆራኘ ነው። ዓመቱን ሙሉ አቦሉን ብቻ ቀምሰው ለሥራ ይነሡ የነበሩት እኒያ እናት፣ ጋኑ ከተመረገ በኋላ ባሉት ቀናት ከሰዓት በኋላ ከሙስሊም ጎረቤታቸው ጋር ቡናውን እስከ በረካ ይጠጡ ነበር፤ ብዙም አይነጋገሩም፣ አንዳቸው ጥጥ ይፈትላሉ፣ ሌላኛቸው ሰፌድ ይሰፋሉ። ለእኒያ ጎረቤት የሚሆነው ቀሪቦ፣ ማለትም የማያሰክረው የገብስ መጠጥ፣ ረጅም ጊዜ ስለማይፈልግ በመጨረሻ ለብቻው በተለየ ዕቃ ይሰናዳል።

ጥምቀትም ሩቅ አይደለም፤ ጋኑ በገና ማግስት ታጥቦና ታጥኖ ዳግመኛ ካልተጠነሰሰበት፣ ጥር 10 ለከተራ የሚቀዳው ጠላ ገና ያልበሰለ ጥሬ ይሆናል።