«ወደብ» ወይስ «በር»? ስለ ሞተር ሥራ ቃላት አተረጓጎም የቀረበ ሂስ

ለአንድ ሙያ ቃል የሚያበጅ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከባዕድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ተነሥቶ አቻ መፈለግ ነው፤ ሁለተኛው ከሥራው ተነሥቶ ቋንቋው ያንን ሥራ አስቀድሞ በምን ስም እንደሚጠራው መጠየቅ ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተሰናዳ ሲሆን ለተርጓሚው የሰጠው አገልግሎት አያጠያይቅም። ነገር ግን ይህ አቅጣጫ ብቸኛ መንገድ ሆኖ ሲወሰድ ጉዳት ያስከትላል። ጉዳቱን በአንድ ጠባብ ምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን።

ምሳሌያችን የተሽከርካሪ ሞተርን የአየር በሮች የማስፋት ሥራ ነው። በጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ሐሳብ የተጠነሰሰው ይህ ሞተር በ1957 እ.ኤ.አ. በኤን.ኤስ.ዩ. ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማዝዳ ኮስሞ በተባለው መኪናው ላይ ገጠመው። ሞተሩ እንደ ተራው ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስቶን የለውም፤ በቤቱ ውስጥ የሚዞረው ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ነው። ቫልቭም የለውም፤ አየር የሚገባበትንና ጭስ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚከፍተውና የሚዘጋው ራሱ ሮተሩ በዙረቱ ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ያሰፋ ባለሙያ የሚለውጠው ስፋትን ብቻ አይደለም፤ በሩ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትንም ጊዜ ይለውጣል።

ይህን ቀዳዳ እንግሊዝኛ «ፖርት» ይለዋል። መዝገበ ቃላት ብቻ የያዘ ተርጓሚ «ወደብ» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ የተለመደው የአማርኛ አቻ ያ ነውና። ሆኖም በእንግሊዝኛ ሁለት ቃላት በአንድ መልክ ተጋጥመዋል። የመርከቡ ማረፊያ ከላቲኑ «ፖርቱስ»፣ የሞተሩ ቀዳዳ ደግሞ በርን ከሚያመለክተው «ፖርታ» የመጡ ናቸው። ሁለቱ በሩቅ ቢዛመዱም አማርኛ እነርሱን የሚያዋህድበት ምክንያት የለውም። በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ወደብ ግን መርከብ ይጠብቃል። እንግዲህ «የመግቢያ በር» እና «የመውጫ በር» ማለት ከማማሩም በላይ የሞተሩን አሠራር ይገልጻል።

ሁለተኛው ችግር በግሦቹ ላይ ይታያል። እንግሊዝኛው «ፖርት»ን ግሥም ያደርገዋል፤ አማርኛ ግን ሥራውን ከፋፍሎ መጥራት ይኖርበታል። መብሳት ቀዳዳ ባልነበረበት ቦታ ቀዳዳ ማውጣት ነው፤ መቦርቦር ውስጥን እየጫሩ ባዶ ማድረግ ነው፤ መሞረድ ፊትን በሞረድ መብላት ነው፤ ማስፋት ያለውን ቀዳዳ ማሳደግ ነው። ባለሙያው በቅድሚያ የአዲሱን በር ቅርጽ በልክ ማውጫ ብረቱ ላይ ይጭራል፤ ቀጥሎ በፈጣን የእጅ መፍጫ ከጭረቱ ሳያልፍ ያሰፋል፤ በመጨረሻም የጠርዙን ስለት ያጠፋል። ይህን ሁሉ «መብሳት» የሚል ትርጉም አንባቢውን ያሳስታል። ከብረቱ ጀርባ የማቀዝቀዣ ውሃ መተላለፊያ አለ፤ የበሳ ሰው ውሃውን ወደ ሞተሩ ሊያስገባ፣ ቤቱንም ሊያበላሽ ይችላል። ጠርዙም እንደ ተሳለ ከቀረ የሮተሩ ማጥበቂያዎች ይያዙበታል። ለዚህ የመጨረሻ ተግባር «ማዶልዶም» ቢባል ቃሉ የቢላዋን ጉድለት ያስታውሳል፤ «ማለዘብ» ይሻላል ባይ ነን።

«ማስፋት» ልብስ ማሰፋትንም ስለሚያመለክት አሻሚ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተሳቢው ብረት ሲሆን ግን አሻሚነቱ ይወገዳል። ይልቁንም መለየት የሚያሻው ከተለመደው የጥገና ሥራ ነው። ያረጀ ሲሊንደር ለትልቅ ፒስቶን ሲሰፋ ክብነቱን እንደ ጠበቀ ልኩ ብቻ ያድጋል፤ በር ሲሰፋ ግን ቅርጹም ጊዜውም ይለወጣል። ስለዚህ «ሲሊንደር ማስፋት» እና «በር ማስፋት» የየራሳቸው መግቢያ ሊኖራቸው ይገባል።

ስለ «ቤት»ም ጥቂት እንበል። ሮተሩን ያቀፈውን አካል «የሮተር ቤት» ብንለው ከሥራ ቦታ ስም ጋር ይምታታል የሚሉ አሉ። ሰዋስዉ ግን መለያውን ሰጥቶናል። «ቶርኖ ቤት»፣ «ቡና ቤት»፣ «ምግብ ቤት» ያለ «የ» ተጣምረው የሥራ ቦታን ይሰይማሉ፤ «የሮተር ቤት» ግን በ«የ» ባለቤትነትን ያሳያል። ልዩነቱን ቋንቋው ራሱ ካበጀው ሌላ ቃል መፍጠር ከንቱ ድካም ነው።

«ቶርኖ ቤት» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ጅማ፣ ወደ አምቦና ወደ ጎጃም በሚወጡት መንገዶች ላይ የሚገኙት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የከባድ መኪና መተላለፊያ በመሆናቸው የብረት ሥራ ቋንቋ በእነርሱ ዘንድ ሕያው ነው። ቶርኖ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ ገብተው የአማርኛን ድምፅ የለበሱ ናቸው። ተናጋሪው ባዕድነታቸውን ረስቶታል፤ ቃል አውጪው ግን ሲያስታውስ ሊያባርራቸው ይቃጣዋል። ይህ ዝንባሌ አይደገፍም። በእነዚህ ከተሞች አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ሞርሳ ዙሪያ ይገናኛሉ፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር ሠራተኛ የተጋራውን የመሣሪያ ስም ነጥቆ በማይታወቅ ቃል መተካት ከመጽሐፉ ማራቅ ይሆናል።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለመሣሪያ የተለመደው ውሰት ቃል ይጽና፤ ለተግባር የአማርኛው ግሥ በየዓይነቱ ይለይ፤ አዲስ ቃል የሚፈጠረው ሁለቱ ሲታጡ ብቻ ይሁን። ከዚህም ጋር ከአማርኛ የሚነሣ፣ ቃሉን ከነተግባሩ ከየሥራ ቦታው የሚለቅም የሙያ መዝገበ ቃላት ሊዘጋጅ ይገባል። አንድ ትርጉም የተሳካ መሆኑ የሚታወቀው መፍጫ የጨበጠ ሠራተኛ አንብቦት የት ማቆም እንዳለበት ሲረዳ ነው።